አፍ ውስጥ የተወተፈ ቡሽ፦ የፈረንሳይኛ ቃላትን በአማርኛ ምስል መያዝ

አፍ በፈረንሳይኛ «ቡሽ» ይባላል። በአማርኛ ቡሽ የጠርሙስ አፍ የሚወተፍበት ነው። አንድ ጀማሪ ተማሪ፣ ንግግር ሊያደርግ የተነሣ ሰው አፉ በትልቅ ቡሽ ተወትፎ ዐይኑ ሲፈጥ በሐሳቡ አጥርቶ ቢያይ፣ ቃሉን መላልሶ ከመጻፍ የቀለለ መንገድ አገኘ ማለት ነው። በማግስቱ ቃሉን ሲሰማ ድምፁ ቡሹን ያመጣለታል፤ ቡሹ ደግሞ አፉን።

ይህ አያያዝ በሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ዘንድ «የቁልፍ ቃል ዘዴ» ተብሎ ይታወቃል። ሁለት እርምጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ለባዕዱ ቃል በድምፅ የሚቀርብ፣ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ያለ ቃል ይፈለጋል፤ ይህ ቁልፍ ቃሉ ነው። ቀጥሎ ቁልፍ ቃሉ የሚጠራው ነገርና የባዕዱ ቃል ፍች በአንድ ሥዕል ውስጥ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ማያያዣ የጆሮ ሲሆን ሁለተኛው የዐይን ነው።

በፈረንሳይ፣ በቤልጅየም፣ በስዊዘርላንድ፣ በካናዳዋ ኩቤክ ወይም ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ በሆነባት በጅቡቲ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃላትን ቶሎ መያዝ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በፈረንሳይ እ.አ.አ. በጥር 2024 የወጣው የስደት ጉዳይ ሕግ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ የቋንቋ መስፈርቱን ከፍ አድርጎታል። ነጻ የሚደረጉ ወገኖች ቢኖሩም፣ የብዙ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ «ኤ2» ደረጃ፣ የ10 ዓመቱን ፈቃድ የሚጠይቅ «ቢ1»፣ ዜግነት የሚጠይቅ ደግሞ «ቢ2» መድረሱን ማሳየት ይጠበቅበታል። ቀን በሥራ የሚውል ሰው ለጥናት የሚተርፈው የማታ ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ምን ቢያደርግ ይሻለዋል የሚለው ጥያቄ፣ ምርምርም መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንት ንግግር ዐዋቂዎች እስከ ስታንፎርድ

በሥዕል ማስታወስ አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት በላቲን የተጻፈው፣ ደራሲው ማን እንደ ሆነ በውል ያልታወቀው «ሬቶሪካ አድ ሄሬኒዩም» የተባለ የንግግር ጥበብ መጽሐፍ፣ ተራ ነገር ከአእምሮ ቶሎ እንደሚጠፋ፣ አስቂኝ ወይም አስደንጋጭ ነገር ግን እንደሚሰነብት ያስተምራል። የሮም ተናጋሪዎች ረጃጅም ንግግሮችን የሚይዙት በሚያውቁት ቤት ክፍሎች ውስጥ ሥዕሎችን በሐሳባቸው እያስቀመጡ ነበር።

በኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶችም ዳዊት ያለ መጽሐፍ የሚደግም፣ ዜማውን ከነምልክቱ በቃሉ የያዘ ደቀ መዝሙር ማግኘት ብርቅ አልነበረም። የዚያ ትምህርት ኃይል ግን ከሥዕል ይልቅ በድምፅና በድግግሞሽ ላይ ያረፈ ነው። ልዩነቱ ኋላ ላይ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል።

ዘዴውን ለውጭ ቋንቋ ቃላት አውለው በቁጥር የመዘኑት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሪቻርድ አትኪንሰንና ማይክል ሮው ናቸው። በ1975 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች 120 የሩስያኛ ቃላትን በ3 ቀን፣ በቀን 40 ቃል እየተማሩ ያዙ። ሩስያኛ የተመረጠው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሩቅ ቋንቋ በመሆኑ ነው። በመጨረሻው ፈተና በቁልፍ ቃል የተማሩት ከመቶ 72 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ በራሳቸው መንገድ ያጠኑት 46 ያህሉን አስታወሱ። ከ6 ሳምንት በኋላ ድንገት ሲፈተኑ ቁጥሩ ወደ 43 እና 28 ወረደ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መርሳቱም እንዲሁ። ዘዴውን የሚያሞግሱ ብዙዎች ግን የፊተኛውን ቁጥር እንጂ የኋለኛውን አያነሡም።

ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ካናዳዊው የሥነ ልቡና ምሁር አለን ፓይቪዮ ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ በቃልም በሥዕልም የተመዘገበ ነገር ወደ ትዝታ የሚመለስበት ሁለት በር ስላለው፣ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ክፍት ሆኖ ይቆያል።

አስቀድሞ በእጅ ያለው

ሥዕል ከመፈለግ በፊት ግን ያለውን ማየት ይገባል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስም የኢትዮጵያ የተማረ ክፍል ዋና የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በዚያ ዘመን የገቡ ቃላት ዛሬም በአማርኛ ውስጥ አሉ፤ ተናጋሪውም የራሱ አድርጎ ይጠቀምባቸዋል።

«ቢሮ» ፈረንሳይኛ ነው፤ በዚያው በፈረንሳይኛ የጽሕፈት ጠረጴዛንም ይጠራል። «ሳንቲም»፣ «ጋራዥ»፣ የደብዳቤው «ቴምብር» እንዲሁ ናቸው። «ጓንት» የፈረንሳይኛው «ጋን» የቅርብ ዘመድ ነው። «ሾፌር» ደግሞ ራሱ «ሾፌ» ከሚል ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ማሞቅ ነው፤ በእንፋሎት ዘመን ሾፌር እሳት የሚማግድ ሰው ነበር። ይህን ያወቀ ተማሪ ወጡን ወይም ክፍሉን «ማሞቅ» ለማለት ሌላ ቃል መሸምደድ አያሻውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው «ዳንቴል» ነው። በየሳሎኑ ሶፋና ቴሌቪዥን ላይ የሚነጠፈው ጥልፍልፍ ሥራ ስሙን ያገኘው «ዳን»፣ ጥርስ፣ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ዳንቴል «ትንሽ ጥርስ» እንደ ማለት ነው። የዳንቴሉን ጠርዝ ያስተዋለ ሰው ጥርሶቹን ይቈጥራቸዋል። እዚህ ላይ ሥዕሉን የፈጠረው ተማሪው ሳይሆን ቋንቋው ራሱ ነው።

ሁለተኛው ስንቅ እንግሊዝኛ ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለ ተከታተለ፣ «ናስዮን»፣ «ኬስትዮን»፣ «ኢንፎርማስዮን» የመሳሰሉት በመቶዎች የሚቈጠሩ ቃላት ተጽፈው ሲያያቸው እንግዳ አይሆኑበትም። ለእነዚህ ሥዕል መፍጠር ጊዜ ማባከን ነው። ወጥመዶቹን ብቻ ለይቶ መያዝ ይበቃል፦ «ሊብረሪ» ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን የመጻሕፍት መሸጫ ነው፤ ሲጻፍ የእንግሊዝኛውን ሳንቲም የሚመስለው «ኩዋን» ማዕዘን ማለት ነው።

የቀሩት አጫጭር፣ የዕለት ተዕለት፣ ከየትኛውም ከሚታወቅ ቃል ጋር የማይዛመዱ ናቸው፤ የሰውነት ክፍሎች፣ የወጥ ቤት ዕቃዎች፣ እንስሳት። የቁልፍ ቃሉ ዘዴ ጉልበት የሚያወጣው በእነዚህ ላይ ነው።

ሥዕሉን መሥራት

ቅቤ በፈረንሳይኛ «በር» ነው። የቤቱ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ከለጋ ቅቤ የተሠራ ይሁን፤ የሚያንኳኳው እንግዳ ክንዱ እስከ ክርኑ ይሰጥማል፤ እጀታውም በእጁ ይቀልጣል። መጥረጊያ «ባሌ» ነው፤ አንዲት ሴት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ «ባሌ!» እያለች መጥረጊያ ይዞ ግቢውን የሚጠርገውን ሰውዬ ታሳያለች። ጀርባ «ዶ» ነው፤ ጀርባ ላይ ቆሞ የሚጮህ ዶሮ። ጥቅል ጎመን «ሹ» ይባላል፤ ቅጠሉ ሁሉ ሹራብ ሆኖ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበ ጎመን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ድመት «ሻ» ነች፤ እንደ እመቤት ሻሽ አስራ ትቀመጣለች። ማሳ «ሻን» ነው፤ በእህል ፋንታ ሻንጣ የበቀለበት እርሻ። ደም «ሳን» ነው፤ ለዚህስ ከሳንጃ ጫፍ ከሚንጠባጠበው ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። አንገት «ኩ» ነው፤ ኩሉን ዐይኗን ትታ አንገቷን የተኳለች ሙሽራ። ጉልበት «ዠኑ» ነው፤ እንደ ነብር የተዥጎረጎረ፣ ዥንጉርጉር ጉልበት። የመጨረሻው ምሳሌ ሌላ ነገርም ያሳያል፦ «ዠ» ያለበትን ድምፅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ ችግር ያወጣዋል፤ ይህ ለብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎች የማይገኝ ጥቅም ነው።

ግሦችም ይሆናሉ። መውደቅ «ቶምቤ» ነው፤ ከሰማይ የሚወድቅ የቶምቦላ ትኬት ዝናብ። ማጠብ «ላቬ» ነው፤ በላብ የራሰ ሸሚዝ ሲታጠብ።

ሥዕሉ እንዲሠራ ምን ያህል እንግዳ መሆን አለበት? ብዙ የማስታወሻ መጻሕፍት «ባበደ ቍጥር ይሻላል» ይላሉ። በ1972 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ግን እንግዳነትንና መስተጋብርን ለይቶ ፈትኖ፣ ጥቅሙ የሚገኘው ሁለቱ ነገሮች በሥዕሉ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሲነካ መሆኑን አሳይቷል፤ እንግዳነት ብቻውን የጨመረው ነገር አልነበረም። በሩ አጠገብ የተቀመጠ የቅቤ ቅል ደካማ ሥዕል ነው። በሩ ራሱ ቅቤ ሲሆን ግን አንዱን ያለ ሌላው ማሰብ አይቻልም።

ቁልፍ ቃሉን ማን ይምረጥ የሚለውም ተፈትኗል። ሰው የራሱን ቢፈጥር ይሻለዋል የሚለው ግምት ተፈጥሯዊ ይመስላል። አትኪንሰንና ሮው ያገኙት ግን ጀማሪዎች በጥንቃቄ ተመርጦ የቀረበላቸውን ቁልፍ ቃል ተጠቅመው የተሻለ እንደሚይዙ ነው። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ጀማሪው የቃሉን ድምፅ ገና በትክክል ስላልሰማ ቁልፍ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ አንድ ቀደም ያለ ተማሪ ባለበት፣ ዝርዝሩን አብረው ቢያዘጋጁ ግን ይህ ድካም ይቀላል፤ ጨዋታውም ይደምቃል።

ለገሃርና መርካቶ

የፈረንሳይኛ ስም ያለ ጾታ ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ስም ወንድ ከሆነ «ለ»፣ ሴት ከሆነ «ላ» የሚል መስተአምር ከፊቱ ይቀድመዋል። አማርኛም ጾታ አለው፤ ይሁን እንጂ ግዑዝ ነገርን እንደ ስሜቱ፣ እንደ መጠኑና እንደ ቁልምጫው አንዴ በወንድ አንዴ በሴት ይጠራል። ስለዚህ ከአማርኛ ተነሥቶ መገመት አያዋጣም፤ አንዳንዴም ያሳስታል። በአማርኛ ፀሐይ «ወጣች» ትባላለች፤ በፈረንሳይኛ ግን ፀሐይ ወንድ ነው፤ ጨረቃ ብቻ ሴት ናት።

ለዚህ የሚሠራው መንገድ የጥንቶቹን ተናጋሪዎች ቤት መዋስ ነው፦ የሴት ስሞችን ሥዕሎች ሁሉ በአንድ ቦታ፣ የወንዶቹን በሌላ ማስቀመጥ። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው ሁለቱ ቦታዎች የተዘጋጁ ናቸው። «ለገሃር» የሚለው የሠፈር ስም «ላ ጋር»፣ የባቡር ጣቢያው፣ ከሚለው የመጣ ነው፤ መስተአምሩ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በአማርኛ አፍ «ላ» ወደ «ለ» ስለ ተለወጠች አመጣጧን ማስታወስ ግድ ይላል እንጂ፣ ጣቢያው በፈረንሳይኛ ሴት ነች። መርካቶ የተባለው ከጣልያንኛ የተወሰደ ቃል ደግሞ የፈረንሳይኛው «ማርሼ»፣ ገበያ፣ ዘመድ ነው፤ ማርሼም ወንድ ነው።

እንግዲህ አፉ በቡሽ የተወተፈው ሰው ለገሃር አደባባይ ላይ ይቆማል፤ አፍ በፈረንሳይኛ ሴት ነውና። ዳንቴል የለበሱት ጥርሶችም ከእርሱ ጎን ናቸው። የቅቤው በር፣ ባለ መጥረጊያው ባል፣ ሹራብ የደረበው ጎመንና ባለ ሻሿ ድመት ግን መርካቶ ግርግር ውስጥ ይገባሉ። በሌላ ከተማ ያደገ ሰው ሌሎች ሁለት ቦታዎችን ይመርጣል፤ የሚያስፈልገው ሁለቱን ከቶ የማያምታታቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ጆሮን የሚያታልል ቁልፍ

የዘዴው ትልቁ አደጋ ከአነጋገር ጋር የተያያዘ ነው። ቁልፍ ቃሉ የሚመስል ድምፅ እንጂ ያው ድምፅ አይደለም። ቦርሳ «ሳክ» ሲባል «ሳቅ» ጥሩ ቁልፍ ይሆናል፤ በተከፈተ ቍጥር የሚስቅ ቦርሳ። ሆኖም ፈረንሳይኛ ቅ፣ ጥ፣ ጭ እና ጵ የሚሉት የአማርኛ ፈንጂ ድምፆች ስለሌሉት፣ «ሳቅ» ብሎ የሚናገር ሰው ይገባቸው ይሆናል እንጂ እንደ እነርሱ አልተናገረም። በ«ሳን» እና በ«ሻን» መጨረሻ ያለው «ን»ም ምላስ ላንቃን ነክቶ የሚወጣ አይደለም፤ አናባቢው በአፍንጫ ሲያልፍ የሚተወው ጥላ ነው። ከ«በር» ላይ ያለው «ር» ደግሞ ከጉሮሮ አካባቢ ይወጣል።

ከዚህ የሚከፋው አማርኛ ፈጽሞ የማይለያቸው ድምፆች ጉዳይ ነው። መንገድም ጎማም ለአማርኛ ጆሮ «ሩ» ሆነው ይሰማሉ፤ በፈረንሳይኛ ግን የመጀመሪያው ከንፈር አሹሎ «ኢ» ለማለት በመሞከር የሚወጣ ድምፅ አለው። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ቃላትም እንዲሁ ሁለቱም «ደሱ» ይመስላሉ። ዕቃ በሚያጓጉዝ ሠራተኛ ላይ ይህ ስሕተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ለእንደነዚህ ጥንዶች የአማርኛ ቁልፍ ቃል መፈለግ ልዩነቱን ከማስተማር ይልቅ ያዳፍነዋል፤ መድኃኒታቸው መስማትና መድገም ነው፤ የዜማ ተማሪ እንደሚያደርገው። ለሌሎቹም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል፦ በመጀመሪያ ቃሉን ከተናጋሪ አፍ ወይም ከድምፅ ቅጂ መስማት፣ ከዚያ ሥዕሉን መሥራት፣ ከዚያም ቃሉን በትክክለኛ ድምፁ ጮክ ብሎ ማለት።

ሌላም ያልተመጣጠነ ነገር አለ። ቁልፍ ቃሉ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ሲኬድ ፈጣን ነው፤ «ቶምቤ» የሰማ ሰው ቶምቦላውን ያያል። ከአማርኛ ተነሥቶ «መውደቅ በፈረንሳይኛ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሥዕሉ የቃሉን ከፊል ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ኒክ ኤሊስና አለን ቢተን በ1993 ጀርመንኛ በሚማሩ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቁልፍ ቃል ለመረዳት፣ ድምፅን መደጋገም ደግሞ ለመናገር የበለጠ እንደሚረዳ አግኝተዋል። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ መለማመድ ይኖርበታል።

ከሥዕሉ በኋላ

በ1992 አልቪን ዋንግና ባልደረቦቻቸው ከስታንፎርዱ ጥናት ጋር የማይስማማ ውጤት አሳተሙ፦ ከትምህርቱ በኋላ ወዲያው ሳይፈተኑ ቀናት ያለፏቸው የቁልፍ ቃል ተማሪዎች፣ በመሸምደድ ከተማሩት በበለጠ ፍጥነት ረስተው ተገኙ። የአሜሪካው ተመራማሪ ጆን ደንሎስኪ ከሌሎች ጋር በ2013 ዐሥር የጥናት ዘዴዎችን ሲመዝኑም ለቁልፍ ቃል ዝቅተኛ ደረጃ ሰጡ። ከፍተኛውን ያገኙት ሁለት ናቸው፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማካሄድ።

ራስን የመፈተን ኃይል በግልጽ የታየው በአፍሪካ ቋንቋ ነው። ጄፍሪ ካርፒክና ሄንሪ ሮዲገር በ2008 ባሳተሙት ሙከራ፣ አሜሪካውያን ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነእንግሊዝኛ ፍቻቸው አጠኑ። አንድ ጊዜ ካወቁት በኋላም በየቃሉ መፈተናቸውን የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ ከመቶ 80 ያህሉን አስታወሱ። ማንበባቸውን ቀጥለው መፈተናቸውን ያቆሙት ግን ሲሦ ገደማ ብቻ ቀራቸው።

ሁለቱን ማጋጨት አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ቃሉን ያስገባል፣ ፈተናው ያቆየዋል። በተግባር ይህ ማለት በማታው ግማሽ ሰዓት ዐሥር ያህል አዳዲስ ቃላትን ብቻ ወስዶ፣ ለየአንዳንዳቸው ጥቂት ሰኮንዶች ዐይን ጨፍኖ ሥዕሉን ማየት፣ ከዚያ ወዲያው ወረቀቱን ሸፍኖ ራስን መጠየቅ ነው። ካርድ የሚጠቀም ሰው በአንዱ ፊት ፈረንሳይኛውን ከነ«ለ» ወይም «ላ»፣ በሌላው አማርኛውን ይጽፋል፤ ሥዕሉን ግን አይሥለውም። በማግስቱ፣ ከ3 ቀን፣ ከሳምንት በኋላ ካርዱ ይመለሳል፤ ግማሹን ጊዜ ከአማርኛው ፊት በመጀመር። ያልታወሰ ቃል ሥዕሉ ይታደሳል እንጂ አይተውም፤ ሁለት ጊዜ ከከሸፈ ደግሞ ቁልፉ ስለማይስማማ ይለወጣል።

«ፑርታን»፣ «ዶንክ» የመሳሰሉት የማያያዣ ቃላት፣ «ሆኖም» እና «ስለዚህ» ማለት ናቸው፣ ሥዕል የላቸውም። እነዚህን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነዜማው መያዝ ይሻላል።

ሥዕሎቹ ዕድሜ ልክ አይከተሉም። አንድ ሰው በየጠዋቱ ከሱቅ ቅቤ እየገዛ ቃሉን አምሳ ጊዜ ከጠራው በኋላ ቅቤ የሚቀልጥበት መዝጊያ ከሐሳቡ ይጠፋል፤ ቃሉ ያለ መሸጋገሪያ ይመጣል። መዝጊያው ተመልሶ የሚታየው ምናልባት ከረጅም ዕረፍት በኋላ፣ ቃሉ አፍ ላይ ደርሶ እንቢ ባለ ቀን ነው።